ጣሪያ ላይ የሰነበተው ካሜራ

«መጥታችሁ ውሰዷት አላልኩም። ከዓስር ሶላት በኋላ ሾፌሬ ራሱ መክተባችሁ ድረስ ያመጣታል» አለች ማዳም። ስልክ ስታወራ ሁልጊዜ ድምፅ ማጉያውን ስለምትከፍተው የመክተቡ ሰውዬ፣ ማለትም ሠራተኛ አስመጪው ደላላ፣ የሚመልሰው ሁሉ ኮሪደሩ ድረስ ይሰማል። ሰውዬው አውሮፕላን መቆሙን፣ ቢሮው ውስጥ አሥራ ሰባት ሴቶች በሁለት ክፍል ታጭቀው እንደሚያድሩ፣ በዚህ በኮሮና ወቅት ምትክ ሠራተኛ ከሰማይ እንደማይወርድ እየነገረ ለመናት። ማዳም ወይ ፍንክች። «የአባቴን ካሜራ ሰበረችብኝ። ስጠይቃት ደግሞ ዓይኗን በጨው አጥባ ከመወልወል በቀር አልነካሁትም አለች። ዕቃ የሚያበላሽ ሰው ችዬ እኖራለሁ፤ ውሸታም ግን ቤቴ አታድርም» ብላ ስልኩን ዘጋችው። ጽጌረዳ ኮሪደሩ ላይ የልጆቹን ልብስ እየተኮሰች ነበርና ካውያውን እንዳነሳች ደርቃ ቀረች። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነው። ዓስር ሶላት ደግሞ ዘጠኝ ተኩል አካባቢ ነው።

ይህ ሁሉ የወረደባት ሸዋዬ አብራት የምትሠራው ልጅ ናት። ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ከመንዝ መጥታ እዚህ ኩዌት፣ ሱራ ሰፈር ያለው ባለ ሦስት ፎቅ ቤት ከገባች ገና ስድስት ወሯ ነው፤ አረብኛዋም እሺ ከሚሉበት ከ«ሐድር» እና ከ«ኢንሻላህ» ብዙ አልራቀም። ጽጌረዳ ወርዳ ስታያት ወጥ ቤት ወለል ላይ ቁጭ ብላ የሽንኩርቱን ሰሃን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ታለቅሳለች፤ ሻንጣዋ ከወዲሁ በሩ ሥር ቆሟል። ማዳም ክፉ ሴት አይደለችም፤ ይህን ጽጌረዳ ለማንም ትመሰክራለች። ደመወዝ አታሳድርም፣ የሐዋርያት ጾም ሲገባ ምስር አስገዝታ የምታቀርብ ሴት ናት። ኮሮና ከገባ ወዲህ ግን ሌላ ሰው ሆነች። ጫማ ውጭ፣ ዳቦ ሳይቀር በክሎሮክስ በረኪና፣ የበር እጀታ በሰዓት አንዴ፣ ልጆቹን ሁለት ሜትር ርቆ ማናገር፤ ቤቱ የሆስፒታል ሽታ ይዞ ቀረ። አባቷ ከሞቱ በኋላማ ጭራሽ እጇን እስኪላጥ የምትታጠብ ሆነች።

አባቷን በቤቱ ሁሉም የሚጠራቸው ባባ ዑድ እያለ ነበር፤ ትልቁ አባት እንደማለት ነው። ረመዳን መሀል ላይ ሳል ጀመራቸውና ማዳም ምድር ቤት ካለው ክፍላቸው እንዳይወጡ፣ ማንም እንዳይገባባቸው፣ ምግባቸውም በራፋቸው ላይ ወንበር ላይ እንዲቀመጥላቸው አዘዘች። ሁለት ሳምንት እንዲያ ከረሙ። ከዚያ አምቡላንስ ወሰዳቸው፤ ከወሰዳቸው በኋላ ደግሞ አልተመለሱም። የተመለሰው ዕቃቸው ነው፤ መቁጠሪያቸው፣ መነጽራቸው፣ የጣት ያህል ቀጭን የሆነች ብርማ ካሜራቸው፣ በላስቲክ ታሽጎ። ማዳም ላስቲኩን በእንጨት መቆንጠጫ አስይዛ ለሸዋዬ ሰጠቻትና ጣሪያ ላይ ዘርግተሽ ሦስት ቀን ፀሐይ ይምታው፣ ከዚያ በክሎሮክስ ወልውዪው አለቻት። ሸዋዬ እንደታዘዘችው አደረገች። በሁለተኛው ቀን ጦዝ ተነሣ፤ ይህ የኩዌት አቧራ ሰማዩን ቡናማ አድርጎ ከመስኮት ስንጥቅ እንኳ የሚገባ ነው። የዚያን ቀን ስለ ጣሪያው ትዝ ያለው ሰው አልነበረም። እነሆ ዛሬ ጠዋት ማዳም ወንድሟ ከሰዓት በኋላ ሊመጣ ነው ብላ ካሜራውን ብታበራው፣ አፍንጫውን ግማሽ ድረስ አውጥቶ ግርርር አለና ሦስት ጊዜ ጮሆ ጠፋ። ደጋግማ ሞከረች፤ በስተመጨረሻ ድምፅም አልነበረውም።

ጽጌረዳ ደረጃውን መልሳ ወጣችና የማዳምን በር አንኳኳች። «ማዳም፣ ካሜራውን ስጪኝ። ከዓስር በፊት ሠርቼ አመጣዋለሁ» አለቻት። ማዳም ከአልጋዋ ጫፍ ላይ ቀና ብላ አየቻት። «አንቺ? አንቺ ሩዝ ነው የምትሠሪው» አለች፤ ለመሳደብ ሳይሆን እንዲሁ ግራ ገብቷት። ጽጌረዳ አገሯ እያለች ደብረ ብርሃን ላይ በአጎቷ በአምባዬ ፎቶ ቤት ሰባት ዓመት መሥራቷን፣ እንዲህ ያለ ካሜራ ቢደረደር የዚህን ኮሪደር ያህል በእጇ እንዳለፈ ነገረቻት። በአራት ዓመት ውስጥ ስለዚህ ጉዳይ የጠየቃት ሰው አልነበረም፤ እሷም ሳትጠየቅ የምታወራ ሴት አይደለችም። ማዳም ካሜራውን ከትራሷ ሥር አውጥታ ይዛው ቆየች። ጥገና ቤቶቹ ዝግ ናቸው። «ብታበላሺውስ?» አለች። «እኔም ሻንጣዬን ይዤ ከሸዋዬ ጋር እወጣለሁ» አለች ጽጌረዳ። አፏን ስታዳምጠው ለራሷም ገረማት፤ ግን የተናገረችውን መመለስ አልፈለገችም። ማዳም ካሜራውን አልጋው ላይ አስቀመጠችላትና ሁለት ሜትር ራቀች።

የሁለቱ መኝታ ክፍል ጣሪያው ላይ፣ ከልብስ ማጠቢያው ጎን ነው። አልጋ ለሁለት፣ አንድ ማራገቢያ፣ አንድ ግድግዳ ሙሉ የሸዋዬ እህቶች ፎቶ። ጽጌረዳ የልብስ መተኮሻውን ጠረጴዛ አስገባች፣ ነጭ የትራስ ልብስ አነጠፈችበት፤ ነጭ የሚነጠፈው የወደቀች ነገር ሁሉ እንድትታይ ነው፤ ማራገቢያውንም አጠፋች። ክፍሉ ወዲያው እንደ ምድጃ ጋለ። ሸዋዬ በር ላይ ቆማ «እትዬ ጽጌ፣ ይሞታል እንዴ ካሜራ?» አለቻት። «ካሜራ አይሞትም፤ ሰው ቶሎ ተስፋ ይቆርጥበታል እንጂ» አለቻት ጽጌረዳ። ሆዱን ስትከፍተው ሁለት ድንጋይ ጎን ለጎን ተኝተዋል፤ ከጣሪያው ሙቀት የተነሣ አንደኛው ፈስሶ የብረቱን ምላስ ነጭ ዱቄት አልብሶታል። በጥጥ ላይ ሎሚ ጨምቃ ቀስ እያለች አሸችው፤ ዱቄቱ ትንሽ ፈላ፣ ከዚያ ለቀቀ። የብረቱ ምላስ እንደገና እስኪያብለጨልጭ በደረቅ ጥጥ ጠረገችው። ከወጥ ቤቱና ከሳሎኑ ሰዓት ላይ አንዳንድ ድንጋይ ነቅላ አስገባችበት። ካሜራው አረንጓዴ መብራቱን ብልጭ አደረገና ወዲያው ጭልም አለ። የሰዓት ድንጋይ ሰዓት ከማንቀሳቀስ በላይ አቅም እንደሌለው ታውቃለች፤ መሞከሯ መስመሩ ደህና መሆኑን ለማየት ነው። መስመሩ ደህና ነው።

አዲስ ድንጋይ የሚያመጣው አስፋው ነው። አስፋው የቤቱ ሾፌር፣ ሸዋዬን ከዓስር በኋላ ይዞ እንዲሄድ የታዘዘውም እሱ ነው። ማህቡላ ላይ ሰባት ሆነው በተከራዩት ቤት ነበር የሚኖረው፤ ሰፈሩ በኮሮና ምክንያት ሊታጠር አንድ ቀን ሲቀረው ማዳም በር ጎን ያለውን ክፍል ሰጠችው፤ ልብሱ፣ ብርድ ልብሱ፣ ሁሉ ነገሩ ግን አሁንም እዚያው ሙሴ ከሚባል ጓደኛው ጋር ታጥሮ ቀርቷል። ሦስት ወር ሙሉ ሁለት ሸሚዝ እያፈራረቀ ነው። ጽጌረዳ ከጣሪያው ቁልቁል ጠራችው። «አስፋው፣ እዚያ በቃላው ሱቅ ሂድና ሁለት ወፍራም ድንጋይ አምጣልኝ። ጥሩውን። የሁለት መቶ ፊልሱን ይዘህ እንዳትመጣ።» «ለምን ትለፊያለሽ ጽጌ? ማዳም የቆረጠችውን ማን ይቀጥለዋል?» አላት አንገቱን ወደ ኋላ ቀልብሶ። «ሂድ ብዬሃለሁ። ደግሞ መኪናው ውስጥ ያለችውን የጎማ መንፊያ ይዘህልኝ ና፤ የዳሽቦርዱን አቧራ የምትነፋበትን።» አስፋው ጭንቅላቱን እየነቀነቀ ሄደ። በቃላው በራፍ ላይ ሰዉ በሜትር ተራርቆ በፀሐይ ስለሚሰለፍ እስኪመለስ አንድ ሰዓት ፈጀ። ይዞት የመጣው ባለ ሰባት መቶ ሃምሳ ፊልሱን ነበር፤ የከፈለውም ከኪሱ መሆኑን ጽጌረዳ ያወቀችው ደረሰኙን ደብቆ ሲቀድ ስታየው ነው።

አዲሱን ድንጋይ ካስገባች በኋላ ማብሪያውን አልነካችውም። ማዳም የተሳሳተችው እዚያ ላይ ነው፤ ማብሪያው አፍንጫውን የሚያስወጣው ፎቶ ለማንሣት ነው፣ የተነሣውን ለማየት ግን አፍንጫ አያስፈልግም። ከኋላ ትንሽ ሦስት ማዕዘን የተሳለባት ቁልፍ አለች። ጽጌረዳ አውራ ጣቷን እሷ ላይ አድርጋ ያዘች። አፍንጫው ተገትሮ እንደቆመ ማያው በራ። የመጨረሻው ፎቶ መጣ፦ ባባ ዑድ አልጋቸው ላይ ተቀምጠው፣ ራሳቸው ያለ ሻሽ መላጣ፣ በነጭ የውስጥ ካናቴራ፣ ድድ እስኪታይ ይስቃሉ። ጽጌረዳ እኒያን ሽማግሌ እንዲህ ሲስቁ በአራት ዓመት አይታ አታውቅም። ወደ ኋላ ሄደች። አሁንም ባባ ዑድ፣ የሾርባ ሰሃን ይዘው። ቀጥሎ የሁለት እግር ፎቶ። ቀጥሎ ግማሹን የሸፈነ ጣት። ከሁሉም በፊት የተነሣው ደግሞ ከመቅረቡ የተነሣ የደበዘዘ የሰው ፊት ነው፤ ሰማያዊ ማስክ፣ ከማስኩ በላይ የአፍንጫ ጫፍ፣ ሁለት የደነገጡ ዓይኖች። ዓይኖቹን ታውቃቸዋለች። አሁንም በር ላይ ቆመው እያዩዋት ነው።

ሸዋዬ አልጋው ላይ ተቀመጠች። «ምግቡን በራፍ ላይ አስቀምጬ ስመለስ ይቀዘቅዛል እትዬ ጽጌ፤ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ ማንኪያው አፋቸው አይደርስም። አባቴን መሰሉኝ። ማስክም ጓንትም አድርጌ ነው፣ ማርያምን!» አለች። እያጎረሰቻቸው ሳለ ባባ ዑድ ካሜራውን አውጥተው አስተማሯት፤ መያዝ፣ ማነጣጠር፣ መጫን። ማዳም ይህን ብታይ መክተብ ብቻ አይደለም፣ ሐኪም ቤት ስልክ ደውላ በሽታ ቤቴ ውስጥ በተነች ትለኛለች ብላ ነው አልነካሁትም ያለችው። «አጥፊልኝ እትዬ ጽጌ። እባክሽ፣ የኔዋን ብቻ አጥፊልኝ» አለች። ጽጌረዳ ላብ ከግንባሯ ጠረገች። የሷን ብቻ ማጥፋት ዋጋ የለውም፤ ባባ ዑድ ሲስቁ ያነሣው ማን ነው ተብሎ መጠየቁ አይቀርም። ሁሉንም ማጥፋት ደግሞ... ጽጌረዳ ፎቶ ቤት በገባች በሁለተኛ ዓመቷ የአንዲት ሙሽራ የሠርግ ፎቶ በአንድ ቁልፍ ድምጥማጡን አጥፍታ ታውቃለች። ሙሽሪት ስትመጣ አልተሳደበችም፤ ባንኮኒው ላይ ግንባሯን ደፍታ ተቀመጠች እንጂ። አጎቷ አምባዬ ለአንድ ወር አላናገራትም። ያቺ ሙሽራ እስከ ዛሬ ሕልሟ ውስጥ ትመጣለች። «አንድም አላጠፋም» አለች ጽጌረዳ። «እኚህ ሰውዬ ሌላ ፎቶ አይነሡም። ስሚኝ ሸዋዬ፤ ማዳም የጠላችው ውሸቱን ነው። ዛሬ እውነቱን ፊት ለፊት ታየዋለች። ብትቆጣ ሁለታችንንም ትቆጣን።» ሸዋዬ ፊቷን በሻርፗ ሸፈነች። ጽጌረዳ ግን አንድ ነገር ደብቃታለች። ማዳምም ለወንድሟ ስልክ ላይ «ባባን እስከ መጨረሻው በእጄ ነው ያጎረስኩት» ስትለው ታች ኮሪደሩ ላይ ሰምታለች። በዚህች ካሜራ ዙሪያ የዋሸው አንድ ሰው ብቻ አይደለም።

ስለዚህ ያሰበችው ካሜራውን ደህና አድርጋ፣ ወንድምየው ሳይመጣ፣ ለማዳም ብቻዋን ማሳየት ነው። የቀረው አፍንጫው ነው። አፍንጫው እርስ በርሱ የሚገባ ሦስት ቀለበት አለው፤ በቀለበቶቹ መሀል ያለው ክፍተት ፀጉር አያስገባም፣ የኩዌት አሸዋ ግን ያስገባል። በጉልበት የሚጎትተው ሰው የቀለበቶቹን የውስጥ ጥርስ ይሰብራል። ጽጌረዳ አፍንጫውን ወደ መሬት ደፋ አድርጋ በመዳፏ ጎን ጎኑን መታ መታ አደረገችው፣ ሕፃን ሲያገሱ እንደሚደረገው። በአስፋው መንፊያ ዙሪያውን ነፋችው፤ በአፍ አይነፋም፣ ምራቅ ይገባል። ከዚያ ከባባ ዑድ የመድኃኒት ካርቶን ውስጥ የቀረውን ያን ስስ መግለጫ ወረቀት በጣት ስፋት ቀደደችና ክፍተቱ ውስጥ አስገብታ በዝግታ ዙሪያውን አዞረችው። ወረቀቱ ስትጎትተው ሸካራ ድምፅ አሰማ። ነጩ ትራስ ልብስ ላይ ጥቂት ቢጫ ነገር ተበተነ። ደገመችው፣ ሠለሰችው፤ ወረቀት በለወጠች ቁጥር የሚወርደው እየቀነሰ ሄደ። ስምንት ሰዓት አለፈ። ምሳ አልበላችም፣ ማራገቢያም አልከፈተችም፣ ጀርባዋ ላይ ቀሚሷ ተጣብቋል። ማብሪያውን ስትጫነው ግርርር አለና ሦስት ጊዜ ጮኸ። ሸዋዬ ከኋላዋ «ወይኔ» አለች። «ቆይ» አለች ጽጌረዳ፤ ድምፁ ከጠዋቱ አጥሯል፣ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ነው የሚይዘው። ያዝ የሚያደርግበት ጎን ላይ ወረቀቱን እንደገና ሰደደች። አንዲት ፍሬ ጠብ አለች፤ የስኳር ፍሬ ታክላለች። እንደገና ተጫነችው። አፍንጫው ያለ ምንም ኮሽታ እስከ ጫፉ ወጣ፣ ዓይኑ ተገለጠ። ጽጌረዳ ያንን ስታይ ደስ ያላት ለሸዋዬ ብቻ አልነበረም፤ ለራሷም ነበር። እጇ አልረሳም። ያቺን ፍሬ ጨርቁ ላይ አድርጋ ጠቀለለቻት።

ደረጃውን ስትወርድ የዓስር አዛን ከየአቅጣጫው ይሰማ ነበር፤ ገና ሁለተኛው ፎቅ ላይ ሳለች ግን የውጭው በር ተከፈተ። የማዳም ወንድም ባባ ፈሃድ ከቀጠሮው ቀድሞ መጣ። እህትና ወንድም ከቀብሩ ቀን ወዲህ አልተያዩም፤ ያን ቀንም በማስክና በጓንት፣ ሰው ተቆጥሮ በሚገባበት መቃብር በር ላይ ነበር። አሁንም አልተቃቀፉም። እሱ ሳሎኑ መግቢያ ላይ ቆመ፣ እሷ ሶፋው አጠገብ፤ በመሀላቸው የማዳም ውድ ምንጣፍ። «ደህና ነሽ?» «አልሐምዱሊላህ።» «ልጆቹስ?» «አልሐምዱሊላህ።» ከዚያ ሁለቱም አየር ማቀዝቀዣውን ማዳመጥ ጀመሩ። በበሩ መስታወት አስፋው መኪናውን አስነሥቶ የሚጠብቀው ይታያል፣ የሸዋዬም ሻንጣ በሩ ሥር ነው። «ካሜራው የታለ?» አለ ባባ ፈሃድ በመጨረሻ። ማዳም ዓይኗን ወደ ደረጃው ላከች። ያኔ ጽጌረዳ ገባች። ካሜራውን ጠረጴዛው ላይ አደረገችና ማብሪያውን ተጫነችው፤ አፍንጫው ወጣ። አጠገቡ ጨርቁን ዘረጋችው። «አሸዋ ነው ማዳም» አለች። «ጣሪያ ላይ ጦዝ መትቶት ነው። ሸዋዬ አልሰበረችውም።» ማዳም አሸዋውን አየችው። ጣሪያ ላይ ዘርጊው ያለችው ማን እንደነበረች ጽጌረዳ አልተናገረችም፤ መናገርም አላስፈለጋትም።

ሦስት ማዕዘኗን ቁልፍ አሳየቻት፤ ማዳም ተጫነች። ባባ ዑድ መላጣቸውን፣ በካናቴራ፣ ድዳቸውን አሳይተው ሳቁ። ማዳም እጇን ማስኳ ላይ ጫነች። ወደ ኋላ ልሂድ ብላ ከግራው ይልቅ የታችኛውን ቁልፍ ነካችው፤ ማያው ላይ የቆሻሻ ቅርጫት ምልክት መጣና ጥያቄ ጠየቀ። ማዳም ዓይኗ በእንባ ተሞልቷል፣ የተጻፈውን አታይም፤ ጥያቄው ዞር ይበልልኝ እንደሚል ሰው ጣቷን ወደ መሀለኛው ቁልፍ ላከች። ጽጌረዳ ማሰቢያ ጊዜ አልነበራትም። እጇን አፈፍ አድርጋ ያዘቻት። ከየካቲት ወዲህ በዚያ ቤት ትልቅ ሰው የትልቅ ሰውን እጅ ሲነካ የመጀመሪያው ነው። ባባ ፈሃድ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። «ይጠፋሉ ማዳም» አለቻት ጽጌረዳ፤ ሳትለቃት። «ከተጫንሽው ይጠፋሉ።» የማዳም እጅ ከመታጠብ ብዛት እንደ ገለባ ሸካራ ሆኗል። አልነጠቀቻትም። እንዲያውም በሌላ እጇ መልሳ ያዘቻት፤ ጽጌረዳ በተያዘችው እጇ ጣት ቀስ ብላ ቅርጫቱን አስወግዳ ወደ ኋላ መራቻት። የሾርባው ሰሃን፣ እግሮቹ፣ ጣቱ፣ በመጨረሻም ያ ሰማያዊ ማስክና ሁለቱ የደነገጡ ዓይኖች።

ባባ ፈሃድ ርቀቱን ረስቶ እስከ ምንጣፉ ጫፍ ቀርቦ አንገቱን አስግጎ ነበር። «ይሄን ያነሣው ማን ነው? አንቺ ነሽ?» አላት እህቱን፤ ድምፁ ውስጥ ምስጋና ነበረበት፣ ማዳም አዎ ብትለው ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ሸዋዬ ወጥ ቤቱ በር ላይ ጨርቅ ጨብጣ ቆማለች። ማዳም ፎቶውን አየች፣ ሸዋዬን አየች፣ እንደገና ፎቶውን አየች። «እኔ አይደለሁም» አለች ማዳም። «እኔ በራፉን አልፌ አልገባሁም። ፈራሁ። ያጎረሰችው እሷ ናት።» ባባ ፈሃድ ወደ እህቱ ለመሄድ አንድ እግሩን ምንጣፉ ላይ አሳረፈ፣ እዚያው ቆመ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ በእሱ በኩል ያለ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ማዳም ሸዋዬን ጠራቻት። ልጅቷ አንገቷን ደፍታ መጣች። የሚመጣባትን ስድብ እየጠበቀች እንደሆነ ትከሻዋ ይናገራል። ማዳም ግን የጠየቀቻት ሌላ ነገር ነው። «ምን ነበር እንዲህ የሚያስቃቸው?» አለቻት። ሸዋዬ ስላልገባት ጽጌረዳን አየች፤ ጽጌረዳ በአማርኛ ደገመችላት። «ገልብጬ ይዤው ነው በያት እትዬ ጽጌ» አለች ሸዋዬ። «እሳቸውን አነሣሁ ብዬ ራሴን አንሥቼ። መብራቱ ዓይኔ ላይ ሲበራ ጮህኩ። ከዚያ በኋላ ካሜራውን ባነሣሁ ቁጥር ገና ሳልጫነው ይስቁ ነበር።»

ጽጌረዳ ወደ አረብኛ መለሰችው። ማዳም ካሜራውን ለሸዋዬ ዘረጋችላት። «ወሪኒ» አለቻት፣ አሳዪኝ ማለቷ ነው። ሸዋዬ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ተቀበለች፤ ያኔ እንደያዘችው አድርጋ ያዘችው፣ ማያውን ወደ ማዳም፣ አፍንጫውን ወደ ራሷ፣ አንድ ዓይኗን ጨፍና ተጠንቅቃ አነጣጠረች። ተጫነች። መብራቱ ፊቷ ላይ ቦግ አለ፤ ሸዋዬም ሳታስበው ዘልላ ጮኸች። ማዳም ሳቀች። ሳቋ ከአባቷ ሳቅ ጋር አንድ ነበር፣ ድድ እስኪታይ የሚሳቅ ሳቅ፤ ባባ ፈሃድም አውቆት ቀና አለ፤ ከዚያ ሳቁ መሀል ላይ ተሰብሮ ለቅሶ ሆነ፤ ማዳም ሶፋው ላይ ተቀምጣ በሁለት እጇ ፊቷን ይዛ እስኪወጣላት አለቀሰች። ወንድሟ ምንጣፉን ተሻግሮ አጠገቧ ተቀመጠና ጭንቅላቷን ወደ ደረቱ ሳበው። አስፋው መዘግየቱ ገርሞት በሩን ገፋ አደረገና ምን ላድርግ በሚል ዓይን አያቸው። ጽጌረዳ ማንም ሳያዛት ሄዳ የሸዋዬን ሻንጣ አነሣችና ወደ ጣሪያው ክፍል ይዛው ወጣች። ማዳም ሻንጣውን ስታነሣ አየቻትና ከወንድሟ ደረት ቀና ብላ፣ ሞተሩን አጥፋው በሚል ለአስፋው እጇን አወዛወዘችለት።